ስለ ድመቴ መግቢያና ስለ ድርብ መስታወትዎ

ለክቡር ባላምባራስ ጉልላት፤ የሰፈራችን አጥቢያ ዳኛ፣ የስድስት ኪራይ ቤቶችና የስድስት ድርብ መስታወት በሮች ባለቤት፤
ኮልፌ፣ ባሉበት።

ግንቦት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? አለንጋ የያዘው ክንድዎስ በረታልዎ? እኔና ልጄ ዋጋነሽ፣ አይጥ ባስተረፈልን ሰውነታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ደጅዎ ደጋግሜ ብቆም ደሜ የሚባለው ዘበኛዎ «ባላምባራስ ተኝተዋል» ስላለኝ፣ እንዳልቀሰቅስዎ ብዬ ነው።

፩ኛ/ እህል ነጋዴ መሆኔንና ከጤፍና ከባቄላ ጆንያ ጋር በአንድ ክፍል እንደምናድር ቤቱን ሲያከራዩኝ ያውቁ ነበር። አሮጌው የሳንቃ በር ከታች ቀዳዳ ነበረው፤ ድመቴ ቡሬ በዚያ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ እኛም እንተኛለን። እርስዎ ግን ፒያሳ ባዩት የሱቅ በር ልብዎ ተሰርቆ፣ ለየቤታችን ሁለት መስታወት የተደራረበበት በር ስላስገጠሙልን አመሰግናለሁ። ብርድ አያስገባም ብለውን ነበር፤ እውነት ነው፣ ድመትም አያስገባም። አይጡ ግን የሚገባው በጣሪያ ነው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ሲባል እሰማ ነበር፤ በእርስዎ ቸርነት የኮልፌ አይጦች የቡሬን አፍንጫ በመስታወት በኩል እያዩ፣ አንዳችም ሳይሆኑ ባቄላዬን ይቆረጥማሉ።

፪ኛ/ የአራት ዓመት ልጄን አይጦቹ ጆሮዋን ነከሷት። ደሟ የደረቀበትን ነጠላ ይዤ ቀርቤ፣ ከበሩ ሥር ለድመት የምትበቃ መግቢያ ይፈቀድልኝ ብዬ ብለምንዎ፣ ድርብ መስታወት ለድመት ተብሎ አይነካም፣ ልጅቷን ከፍ አድርገሽ አስተኚያት ሲሉ ስለለገሱኝ አባታዊ ምክር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከፍ አድርጌ ጆንያ ላይ አስተኛኋት። ጆንያው ላይ ማን እንደሚያድር ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

፫ኛ/ ስለዚህ አናጢው ጀላል የታችኛውን መስታወት ሳይሰብር አውጥቶ፣ በምትኩ ሳንቃ ገጠመ፣ በሳንቃውም ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ቁራጭ ቆዳ አንጠለጠለበት። መስታወቱን በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩልዎ። እርስዎም በክቡር እግርዎ መጥተው ጀላልን ፊቱ እስኪሰነጠቅ ስለገረፉት፣ ደሜም ቀዳዳውን በሚስማር ሲደፍን ቡሬ ልትገባ አንገቷን ብታስገባ በያዘው መዶሻ ጭንቅላቷን ስለፈረከሰው፣ ልጄም ቆማ ይህን ሁሉ እንድታይ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ መስታወቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

፬ኛ/ ትናንት ሊነጋ ሲል አይጦቹ የወሰዱት የልጄን የጣት ጫፍ ነው። ቁስሏን ጠቅልዬ፣ ለጎረቤት አስታቅፌያት ተመለስኩና ዘነዘናዬን አነሳሁ። የመጀመሪያው መስታወት በአንድ ምት ወረደ። ሁለተኛው ሁለት ምት ፈለገ፤ ለካ በእውነትም ጥሩ ዕቃ ነው። የድመት መግቢያ የከለከሉኝ በር አሁን በሬ ያስገባል።

ከቤቱ እንደሚያስወጡኝ፣ እንደሚከሱኝም አውቃለሁ፤ ከሳሹም ዳኛውም እርስዎ ስለሆኑ ፍርዱ እንደማይዘገይ ተስፋዬ የጸና ነው። እስከዚያው ዕድሜና ጤና፣ እንዲሁም ጥርስ የማይደርስበት ከፍ ያለ አልጋ እየተመኘሁልዎ፣ በልጄ ሳይነከሱ በቀሩት ዘጠኝ ጣቶች ስም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ ታማኝ ተከራይዎ፣

ሰርኬ ገብረወልድ

ማሳሰቢያ፦ ስብርባሪውን በጆንያ ሰብስቤ ደጅዎ ላይ አፍስሼዋለሁና ሲወጡ ጫማዎን እንዳይረሱ። ዘነዘናውን ለኤግዚቢት ቢፈልጉት ደግሞ እኔ ዘንድ የለም፤ ጎረቤቴ ዙሀራ ተውሳኛለች። እርሷም ድመት አላት፤ የእርሷም በር የእርስዎ ነው።