ከአማቼ ጋር የተቆራኘሁበት ሳምንት

ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፶፯፣ ሰኞ

አልሄድም አልኳት። ሦስቴ አልኳት። ቤይሩት በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ወርቅነሽ ዛሬ ባሏን አስከትላ ከቀበና ዳገቱን ወጥታ መጣች። አንድ ልጄ እሷ ናት። ለባሏ የመኖሪያ ወረቀቱን አላደሱለትም፤ «ይቆይ» ብለውታል። ይቆይ ማለት ይሂድ ማለት ነው ትላለች። ቤይሩት ወንድም አለው፤ ሥራ አዘጋጅቶ «ና» እያለው ነው። እኔም አብሬ እንድሄድ ነው የመጡት።

«አባባ፣ እርስዎን ጥዬ አልሄድም፤ ባሌንም ለይቼ አልቀርም። እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ» አለችኝ። ይሄ ፍርድ ነው? ይሄ አንድን ሰው በሁለት በሬ ማስጎተት ነው። አንቺም አትሄጂም፣ እኔም አልሄድም ብያት ደጅ ወጣሁ።

ባሏ ሃጎፕ አርመን ነው። እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ሃጎፕ ይሉታል። ቀበና ወንዝ አጠገብ ያለውን ወፍጮ የሚያሠራው እሱ ነው። በሕፃንነቱ ነው ከአባቱ ጋር በጅቡቲ በኩል የገባው፤ ከቱርክ ሰይፍ ሸሽተው። አገር የለውም። ወረቀቱ ላይም እንደዚያው ተብሎ ነው የተጻፈው። ሲጋቡ ቄሱ «አርመን ሃይማኖቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው» ስላሉኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መውደድ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ የምናወራው በወርቅነሽ በኩል ነው። «ወርቅነሽ፣ ባልሽን ወጥ ይጨመርለት ወይ በይው» እላለሁ። «ወርቅነሽ፣ አባባን በቃኝ በያቸው» ይላል። ሁለታችንም አማርኛ እንችላለን።

ጎረቤቴ ቱፋ አጥሩን ተደግፎ ሁሉንም ሰምቷል።

«ቤይሩት? አንተ ቀበና ስትወርድ እንኳ መሬቱ ይዞርብሃል!»

ጨረቃም ብሄድ አያገባህም አልኩት። አልሄድም ግን።

ይህን የምጽፈው ኋላ ቃሌን እንዳይጠመዝዙብኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፣ እጄ ዘገምተኛ ነው። ያልኩትን ግን አልረሳም።

ኅዳር ፰፣ ማክሰኞ

ወርቅነሽ አንድ ነገር ሸሽጋኛለች። ለምን አላደሱለትም ስላት ዓይኗን ወደ ባሏ መለሰች። ስለዚህ ዛሬ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። በእሷ በኩል ልጠይቀው ብል ገበያ ሄዳለች። ምን ይደረግ፣ አፌን ከፈትኩ።

«የጎደለህ ምንድን ነው?»

ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ሌላ ሰው የማናግር መስሎት።

«አንተን ነው!»

«ዋስ ነው አባባ።»

ለካ እስከ ዛሬ ዋሱ የነበረው የወፍጮው ባለቤት ነው። ሰውየው በክረምት ሞተ። አገር የሌለው ሰው ደግሞ ቢታመም፣ ዕዳ ቢያመጣ፣ ቢጠፋ «አለሁ» የሚል ሰው ካልቆመለት ወረቀት አይሰጡትም።

«ታዲያ እኔስ?»

«እርስዎማ…» አለና ተወው።

«እኔስ ምን ሆንኩ?»

«ሌላ ሰው ለመንኩ። እህል ነጋዴውን። እምቢ አለኝ።»

እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ አማቼ እህል ነጋዴ ይለምናል! የየካ ሰው ግማሹ ከእስር የወጣው በእኔ ዋስነት ነው። ለምን አልጠየቅኸኝም ብዬ ጮህኩበት። ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ።

«ስምንት ዓመት አላናገሩኝም። አሁን ቸገረኝ ብዬ መጥቼ ዋስ ይሁኑኝ ልበል? እኔም ኩራት አለኝ አባባ።»

ኩራት አለው። ይህን አላወቅኩም ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ ትንሽ ደግሞ ደስ አለኝ።

ነገ ወረቀቱን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት አብረን እንሄዳለን አልኩት። ለመሄድ አይደለም። ላለመሄድ ነው።

ኅዳር ፲፣ ሐሙስ ጠዋት

ትላንት መጻፍ አልተመቸኝም። የምጽፈው ቀበና፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። ታስሬ ነው የምጽፈው። አሳሪው እኔው ነኝ። በቅደም ተከተል ልናገር።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ጸሐፊው ጢሙ እንኳ በደንብ ያልበቀለ ልጅ ነው። ትሑት ነው፣ ክፉ አይደለም።

«አባቴ፣ የደመወዝ ማስረጃ ይዘዋል?»

ደመወዝ የለኝም፤ እንጦጦ ሥር መሬት አለኝ፣ ባሕር ዛፍ አለኝ አልኩት።

«ዛፍ አይፈርምልንም።»

«እኔ እፈርማለሁ።»

«አይቆጡኝና፣ በዕድሜ ገፍተዋል። አንድ ዋስ ሞቶበታል። እርስዎም ነገ አንድ ነገር ቢሆኑብን…»

ደሜ ፈላ። ሁለተኛ የሚሞት ዋስ አንፈልግም ማለቱ ነው።

በእኛ ጊዜ ሰው ያልታመነ እንደሆነ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ የልብሳቸው ጫፍ ይቋጠርና ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጠባቂ አያስፈልጋቸውም። ቋጠሮው ይጠብቃቸዋል። በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ ጠራሁት፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው።

«በሕግ አምላክ! ከዚህ ሰው ጋር ቆራኘኝ!»

ዘበኛው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የኩታዬን ጫፍ ከሃጎፕ ኮት ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረው። እጁ አልረሳም።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የተሻረ ሕግ ነው» አለ ጸሐፊው።

«ማን ሻረው? ለእኔ የነገረኝ የለም። አለቃህ ይምጣና ይፍታን።»

«አለቃችን የሚገቡት ዓርብ ነው።»

ዓርብ! ይህን አላሰብኩም ነበር። ሃጎፕን አየሁት። ይስቅብኛል፣ ወይ ቋጠሮውን ፈትቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። ኮቱን አስተካከለና «እንግዲህ ዓርብ ነዋ» አለ።

አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩ «አንድ ናችሁ ሁለት?» አለን። ቀበና ድልድይ ስንደርስ የኮበሌ መንጋ ተከተለን። አንዱ ደፋር «አባባ፣ ሙሴ ምን ወሰደብዎ?» አለኝ።

«ልጄን!»

«ይመልሳ!»

«አይመልስም። እኔም አላስመልስም» አልኩት።

ሃጎፕ ከጎኔ ሳቀ። ስምንት ዓመት ሳቁን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ፍየል ነው የሚስቀው።

ወርቅነሽ ስታየን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጉድ ፈላ! ምን ሆናችሁ ነው? ኮቱን ያውልቅና ይገላገል!» አለች። ሕጉ ያለው ኮቱ ውስጥ ነው እንዴ? ሰውየው ውስጥ ነው። ሃጎፕ አላወለቀም። ከነኮቱ ተኛ። ያንኮራፋል። ሽንት ቤት እንዴት እንደሄድን አልጽፍም።

ሐሙስ ማታ፣ ከራት በፊት

ቀኑን ወፍጮ ቤት ዋልኩ። የት ልሂድ?

ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ተሰልፈዋል፤ ዛሬ ከመፍጨት ይልቅ መሳቅ ነው ሥራቸው። «ሙሴ፣ አማትህን ልትፈጫቸው ነው ያመጣሃቸው?» ትላለች አንዷ። «ልም ይሁኑ ሸርክት?» ትላለች ሌላዋ። ሸርክት በይ አልኳት፤ ልምማ ሆኜ አላውቅም።

ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያገናኝ ቺንጊያ የሚሉት ረጅም ቀበቶ አለ። ሲሽከረከር ዓይን አያየውም፣ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ልብስ ከያዘ ሰውን ይዞ ይገባል። እኔ ኩታ ለብሻለሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ሃጎፕ ምነው እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል ብዬ ገረመኝ። ቁና ሲያነሣ በጎኑ፣ ዱቄት ሲቀበል በጎኑ። ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ በእኔና በቺንጊያው መካከል ነው የቆመው። ኩታዬ ወደዚያ በተወረወረ ቁጥር በጉልበቱ ይመልሰዋል። አንድም ጊዜ «ይጠንቀቁ» አላለኝም። ቢለኝ እኮ እቆጣ ነበር። ያውቃል።

ከሰዓት ሞተሩን አጥፍቶ የወፍጮውን ድንጋይ ሊወቅር ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ምርጫ የለኝም።

«ቤይሩት ብትገባ ደስ ይልሃል?» አልኩት።

«ወንድሜን አያለሁ። አረብኛ ግን አላውቅም። በዚህ ዕድሜ እንደ ሕፃን አፍ መፍታት ነው።»

«አባትህ የት ተቀበረ?»

«እዚሁ። በየዓመቱ ሣሩን አጭድለታለሁ።»

«እናትህስ?»

«መንገድ ላይ ነው የቀረችው። የትኛው መንገድ እንደሆነ አባቴም ለይቶ አላወቀውም።»

መዶሻውን አነሣና ወቀራውን ቀጠለ።

የእኔዋ፣ የወርቅነሽ እናት፣ የት እንዳለች አውቃለሁ። ከሚካኤል ቅጥር ውስጥ፣ ከጽዱ ሥር ናት። አጠገቧ ያለው ቦታ የእኔ ነው፤ አብረን ነው የመረጥነው። ወርቅነሽ ግትር ስለሆንኩ ይመስላታል። ሰው ሁሉ እንዲያ ይመስለዋል። አልሄድም ያልኩት በዚያች ክንድ በማትሞላ አፈር ምክንያት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ጻፍኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። የሰው ዋስ ነኝ ብያለሁ። የሰው ዋስ ሰውየውን ማቅረብ አለበት። ሰውየው ቤይሩት ከሆነ እኔ እንጦጦ ቁጭ ብዬ ምን አቀርባለሁ? ቱፋ ቢሰማ «ካባረሩትማ ዋስነትህ አበቃ» ይለኛል። ይበል። ዋስነቱን የገባሁት እኔ ነኝ፣ የሚያበቃበትንም የማውቀው እኔ ነኝ።

ኅዳር ፲፩፣ ዓርብ

ተፈታን።

አለቃው መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ናቸው። ከክፍላቸው ወጥተው አዩን። ጸሐፊው ሊያስረዳ ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረቡዕ» አልኩ።

«ሙሴ፣ ፈቅደህ ነው?»

«አማቴ ናቸው» አለ ሃጎፕ።

አለቃው ወደ ክፍላቸው አስገቡን። የመሬት ግብር ከፍዬ የተቀበልኩትን ደረሰኝ ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ስሜን ከዋስ ቦታ ላይ ጻፉ፤ እኔም ፈረምኩ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ፊደል ሳልገድፍ።

«አባቴ፣ ዋስነትዎን ተቀብያለሁ። ፈቃዱን የምሰጠው ግን እኔ አይደለሁም። ወደ በላይ ይሄዳል። መልሱ ከጥር በኋላ ነው። ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም፣ አይሆንም ብዬም አላስፈራዎትም።»

ደስ አላለኝም። የሚዋሹ ሰው ግን አይደሉም።

«እንግዲያው ይፍቱን» አልኳቸው። «እዚህ ቤት ዳኛው እርስዎ ነዎት።»

ሰው ሁሉ ከበር ላይ ቆሞ ያያል። አለቃው ትንሽ አፈሩ፤ ኋላ ግን ጎንበስ አሉ። ቋጠሮው ላብና ዱቄት ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍራቸው ሞከሩ፣ እምቢ አለ። በመሳቢያ ቁልፍ ጫፍ ነው የፈቱት። በሩ ላይ ያ ዘበኛ ባርኔጣውን አነሣልኝ።

መንገዱን ሁሉ ሃጎፕ ከጎኔ ሳይርቅ ሄደ። የታሰርን መስሎት እንደሁ እንጃ። እኔም አላራቅኩትም።

ወርቅነሽ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ሁሉን ነገርናት።

«ካልፈቀዱለትስ አባባ?»

«ዋስ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባልሽን ጠይቂው።»

«አብረውን ይሄዳሉ ማለት ነው» አለ ሃጎፕ።

አየችኝ። አልካድኩም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ቆየች። የጾም ምሳ ቀረበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሃጎፕ ጋር ያለ አስተርጓሚ በላን። ሽሮው ጨው በዝቶበታል አልኩት። አዎ በዝቶበታል አለኝ።

ኅዳር ፲፪፣ ቅዳሜ፣ የሚካኤል ዕለት

ቅዳሴው ሲያልቅ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ አልተናገርኩም። ልጃችንን ተከትዬ ልሄድ እችላለሁ፣ ቦታዬን ሌላ ሰው ቢተኛበት እንዳትቀየሚኝ አልኳት። በሕይወት ብትኖር ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ የሞተችውን ልትጠብቅ ያለችውን ትለቃለህ?» ትለኝ ነበር። አፏ ስለት ነበር።

ቱፋን ቅጥሩ በር ላይ አገኘሁት። ከሄድኩ ዛፉን ጠብቅልኝ አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ዛፉንስ እጠብቃለሁ። እኔ ግን ማንን ልሳደብ?» አለ። ገና ነው፣ ከጥር በኋላ ነው አልኩት። እስከዚያ ስደበኝ።

ከዚያ ከእነ ሃጎፕ ጋር ወደ ከተማ ወረድን፣ ፎቶ ቤት። በዕድሜዬ ተነሥቼ አላውቅም። ፓስፖርት ያለ ፎቶ አይሰጥም፣ ቀድሞ መዘጋጀት ይሻላል አለ ሃጎፕ። የልጅ ልጄ ማርታ በኩታዬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ እኔም ልነሣ እያለች አስቸገረች። ፎቶ አንሺው ጨርቅ ውስጥ ገብቶ «አባባ፣ ፈገግ ይበሉ» ይለኛል።

ፎቶው ማክሰኞ ይደርሳል። ሁለት አዝዣለሁ። ከፈቀዱለት ወርቅነሽ ግድግዳዋ ላይ ትስቀለው፤ ካልፈቀዱለት ፓስፖርት ላይ ይለጠፋል። ፈገግ አላልኩም። የትኛው እንደሚሆን ሳላውቅ በምን ፈገግ እላለሁ?