እሑድን ወደ ሰኞ ያልገፉት የእኅታችን የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እኅታችን ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩና ታናናሾቻቸውን ማዘዝ የጀመሩት ገና በጠዋቱ ነው። ወተት እንኳ እሳቸው ሳያሸቱት አንጠጣም ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1975 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ከተመረቁ በኋላ በመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. ከፋብሪካው የማሽን ጥገና ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው መንታ ልጆች አፍርተዋል። ወንዱ ከእኩለ ሌሊት በፊት፣ ሴቷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለተወለዱ ልደታቸው ሁልጊዜ በሁለት ቀን፣ በሁለት ኬክ ተከብሯል። ባለቤታቸው በአንድ ቀን ይሁን ብለው ቢለምኑ፣ ቢለምኑ ሰሚ አላገኙም።

የእኅታችን ሥራ መድኃኒት ሳይበላሽ ምን ያህል እንደሚቆይ መፈተሽ ነበር። ናሙናዎቹ ሙቀቱና እርጥበቱ በሚለካ ክፍል ተቀምጠው በየተወሰነ ወሩ እየወጡ ይመረመራሉ። ይህ የፍተሻ መርሐ ግብር ከግድግዳ ሰሌዳ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር በሶፍትዌሩ ላይ የማደራጀቱ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። ሶፍትዌሩ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው፦ ቀጠሮው እሑድ ላይ ከዋለ ወደ ሰኞ ይገፋውና ቀጣዩን ከዚያው ከሰኞው ይቆጥራል። እኅታችን ይህን ደርሰውበት ቀጠሮው ሁሉ ናሙናው ከገባበት ቀን እንዲቆጠር፣ እሑድም እሑድ ሆኖ እንዲቀር አደረጉ። የጥራት ክፍሉ ኃላፊ፣ “ለአንድ ቀን ብለው ሰው ከአልጋው ይቀሰቅሳሉ?” ቢሏቸው፣ “ምን ላድርግ፣ ሽሮፑ እሑድ አያርፍ!” አሏቸው።

ከኃላፊው ጋር የተኳረፉት ግን በሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ነው። ኃላፊው ጠርሙሱ ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል ተብሎ እንዲጻፍ ፈለጉ። እኅታችን፣ “ሦስተኛውን ዓመት አይዘልቅም፤ የመጨረሻው ናሙና ሳይፈተሽ ከሁለት ዓመት በላይ አልፈርምም” ብለው ድርቅ አሉ። ሁለት ዓመት ተጻፈ፤ ሁለቱም ሰላምታቸውን ቀነሱ።

ባለፈው ዓመት በካንሰር ታመው ሆስፒታል ሲገቡ የሚጠይቁን ስለ ራሳቸው ምርመራ ሳይሆን ስለዚያ ናሙና ነበር። የመጨረሻው ቀጠሮ እሑድ መስከረም 8 ቀን ዋለ። ያን ቀን ላቦራቶሪውን ከፍተው ጠርሙሱን ያወጡት ሌላ ሰው ሳይሆኑ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ ወዲያውም ሆስፒታል ደወሉ።

“በቀኑ ወጣ?” አሉ እኅታችን።

“በቀኑ።”

“እሰይ! ምነው ይኼ ሽሮፕ ባሳፈረኝ!”

እኅታችን ረቡዕ መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ መንታ ልጆቻቸውንና አዝዘው ያልጠገቡንን እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ከእንግዲህ የሚያዘን የለም።

የናሙናው ውጤት ትናንት ወጣ። ኃላፊው ይዘውልን መጥተው በር ላይ ቆመው አነበቡልን፤ ሽሮፑ ሦስት ዓመቱን ምንም ሳይሆን ዘልቋል። እኅታችን ተሳስተው ነበር። ኃላፊው ግን እንደ አሸናፊ ሳይሆን እንደ እኛው አለቀሱ፤ በዚህ ስሕተት ከማንም በላይ የሚደሰቱት እኅታችን እንደነበሩ ያውቃሉና።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እሑድንም ጨምሮ።