ያልተኮሱት የየካቲት ጥይቶች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅከኝ አይደለም፤ ተናድጄብህ ስለነበር ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እስከ ትናንት ድረስ አልበረደልኝም ነበር።

ቤቱ ያው ነው እንዳልልህ ያው አይደለም። እማዬ ደረጃ መውጣት ሰለቸኝ ብላ አልጋዋን ወደ ምድር ቤት አውርዳለች። ደረጃው ምንም አላደረጋትም፤ ከአንተ በኋላ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ አንድም ቀን አልተኛችም። እኔ ኮልፋክስ ጎዳና ያለውን አፓርታማዬን ለቅቄ ወደዚህ ወደ ቤታችን፣ ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ተመልሻለሁ። ኤርፖርት የምትመላለስበትን ቫን ጓደኛህ ጋሽ ሀብቶም ወስዷታል። እንደ አንተው መንገደኛ ያመላልስባታል፣ እንደ አንተ ግን አያጥባትም። ተዝካርህ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። አንተ ብትኖር ሰው ሁሉ እየሰማ ትናገር ነበር፣ እኛ ግን ዝም ብለን በላን።

ነርስ ሆኛለሁ። ፈተናውን ያለፍኩት ከቀብርህ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለዚያች ፈተና ስትል ነው እንግዲህ ያታለልከኝ። መስከረም ላይ ሐኪሙ የእጅህ ነርቭ እየሞተ እንደሆነና በሽታው ወደ ደረትህ እንደሚሄድ ሲነግርህ፣ ቤት ገብተህ እማዬን «ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ» ብለህ አስማልካት። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ስትኖሩ ስንቱን ልማድ ጥላችሁ ይቺን አልጣላችሁም። ተማሪ ባለበት ቤት ክፉ ወሬ አይገባም። እኔ በሥራዬ ቀኑን ሙሉ የእጁን ብርታት ለመለካት የማላውቀውን ሰው እጅ ይዤ «ጨብጠኝ፣ ጠንከር አድርገህ» እላለሁ። የአንተን ግን ከመስከረም እስከ መጋቢት አንድ ጊዜ እንኳ አልጨበጥኩም፤ እኛ የምንሳሳመው ጉንጭ ለጉንጭ ነዋ።

ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ስትሠራ አንዱ ባልደረባህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሽጉጥ ውድድር ወሰደህና ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጥህ። ሰዓቱ ጢጥ ሲል መምዘዝ፣ ብረቱን መምታት፣ በሰኮንድ መበላለጥ። «እንግሊዝኛዬን ማንም የማይሰማበት ቦታ ነው» ትል ነበር። ጥይቱንም ራስህ ጋራዥ ውስጥ ትሞላ ጀመርክ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ አጠገብህ አቁመህ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። ባዶውን ቀለህ የጥይት መሙያው ውስጥ ታስገባለህ፣ እጀታውን ወደፊት ገፍተህ ቂጡ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ፕራይመሯን ትተክላለህ፣ ከዚያ ባሩዱ፣ ከዚያ እርሳሱ ይከተላል። «ዋናዋ እሳት ጫሪዋ ፕራይመር ናት» ትለኝ ነበር፤ «ጥልቅ ብላ ካልተቀመጠች የሽጉጡ መርፌ ሲመታት ወደ ውስጥ ትሸሻለች እንጂ እሳት አትጭርም።» እያንዳንዱን ጥይት በሌባ ጣትህ ዳብሰህ ነበር ሳጥን ውስጥ የምታስገባው፤ ሳጥኑ ላይም ወሩን በአማርኛ ትጽፋለህ።

ጥር ላይ «የሽጉጡ ምላጭ ከብዶኛል፣ ቀለል አድርጊልኝ» አልከኝ። አረጀህ ብዬ ሳቅሁብህ። መርፌውን ከሚመታው መዶሻ ጀርባ ያለውን ሞላ አውጥቼ ልል የሆነ ሞላ ገጠምኩልህ፤ ምላጩም እንደ ቅቤ ሆነ። የሞላ ነገር መቼም ይታወቃል፤ ሲላላ ጣትን ያሳርፋል፣ መዶሻው ግን ጉልበት ያጣል። ይህንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ ባለው የተኩስ ሜዳ ላይ ተወዳደርክ። ነፋሱ አቧራ ያነሳ ነበር። ያን ቀን ቫኗን የነዳችው እማዬ ናት። ሽጉጥ ማየት የማትወደው ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላችን ቆመች። እኔ ለምን መጣች ብዬ አልጠየቅኩም። ሰዓቱ ጮኸ፣ መዘዝክ፣ ጠቅ አለ። ጣልከው፣ ሌላ አጎረስክ፣ አንዱ ተኮሰ፣ ቀጣዩ ደግሞ ጠቅ አለ። አራት ጊዜ ከሸፈብህ። አሜሪካኖቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና «ሞላው ነው! ይቺ ልጅ የቀየረችው ሞላ ነው!» አልክ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለህ በእንግሊዝኛ። «ሞላውንማ አንተ ነህ ያስቀየርከኝ። ጥይትህን እይ። እጅህ ከድቶሃል፤ ከእንግዲህ ከሱቅ ገዝተህ ተኩስ» አልኩህ። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ቫኗ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት አልደወልኩልህም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ሁዳዴን ሙሉ ቅዳሴ እያስቀደስኩ ከአባቴ ጋር አልታረቅኩም። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ሀብቶም የምለማመድበት ክሊኒክ መጣና «አባትሽን ትንሽ አሞት ነው፣ ነይ» አለኝ። ትንሽ ሲል ገባኝ። ሆስፒታል ስደርስ የሳንባ ምች ይዞሃል፣ አፍህ ውስጥ ቱቦ አለ። እጅህን ይዤ ጨብጠኝ አልኩህ። አልጨበጥከኝም። እማዬ የመስከረሙን ነገር የነገረችኝ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስለኝ ነበር። ጥፋቱ የሞላው ከሆነ የመጨረሻ ቅዳሜህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጥይቱ ከሆነ ደግሞ በሚሞት ሰው እጅ ላይ ነው ያላገጥኩት። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም፤ ሳላውቅ መቅረት ግን አልቻልኩም።

ስለዚህ ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ሽጉጥህን ይዤ ከጋሽ ሀብቶም ጋር ሜዳው ላይ ነበርኩ። መርፌው የሚመላለስበትን ቀዳዳ ፈትቼ አየሁት፤ አንተ የጠረግከው ስለሆነ ጉድፍ የለበትም። ቀጥዬ ፕራይመሩን ጠረጠርኩ። ያኔ ከየሱቁ ጠፍቶ ስለነበር ያገኘኸውን ነበር የገዛኸው፤ የዚያ ዓይነቱ ቆርቆሮው ደረቅ ነው፣ በቀላሉ አይነድም ይባላል። ግን ኅዳር ብለህ የጻፍክበት ሳጥንም ያንኑ ፕራይመር ነው የያዘው። ከእሱ ኀምሳ ጥይት በዚያው በልሉ ሞላ ተኮስኩ፤ አንድም አልከሸፈም። ታኅሣሥና ጥር የተጻፈበት ሳጥን የለም። የቀረው የየካቲቱ ነበር። ከእሱ አሥር አጎረስኩ፣ ሦስቱ ጠቅ ብለው ቀሩ። እነዚያኑ ሦስቱን መልሼ ስመታቸው ተኮሱ።

«በሁለተኛው ምት ከተኮሰ ፕራይመሩ በደንብ አልገባም ማለት ነው» አለኝ ጋሽ ሀብቶም። «የመጀመሪያው ምት ገፍቶ ያስገባዋል፣ ሁለተኛው ያነደዋል።» የቀሩትን አንድ በአንድ ዳበስኳቸው። ፕራይመሮቹ እንደ ብጉር ብቅ ብለው ጣቴን ያዙኝ። የድሮውን ጠንካራ ሞላ መልሼ ስገጥም ግን ከእነሱ የሞከርኳቸው ሁሉ ተኮሱ። የድሮው ሞላ ቢሆን ኖሮ ይምራቸው ነበር። ቢሆንም በደንብ የተሞላ ጥይት በልሉም ሞላ ይተኩሳል፣ ኅዳርን አይቻለሁ። እኔ ልክ ነበርኩ፤ ጥይቱ ነው፣ እጅህ ነው። ቫኗ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ሀብቶም ሞተሩን አጥፍቶ «ከሞተ ሰው ጋር ተከራክረሽ ብትረቺው ምን ልትሆኚ ነው? ተይው በቃ» አለኝ።

እተወው ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ ጋራዡን ላስተካክል ብዬ ስገባ እማዬ ተከትላኝ መጣች። የጥይት መሙያውን እጀታ ባየች ጊዜ ፊቷን አጨማደደች። «ይቺን ነገር ጠልቻታለሁ፣ ትከሻዬን ጨርሳልኛለች» አለች። ዞር ብዬ አየኋት። «አባትሽ እጁ አልታዘዝ ሲለው እኔ ነበርኩ የምገፋለት። እሱ እያቀበለኝ፣ እኔ እየገፋሁ፣ የካቲትን እንደዚያ ነው የሞላነው። ትፈነዳብኛለች ብዬ በጣም እፈራ ስለነበር ቀስ አድርጌ፣ ቀስ አድርጌ። እሱ ደግሞ ‹ጎበዝ፣ ልክ ነው› ይለኛል።»

ልክ አልነበረም አባዬ። አንተም ታውቅ ነበር። ጣትህ መግፋት ቢያቅተው መዳበስ አላቃተውም። እያንዳንዱን ዳብሰህ፣ ብቅ ማለቱን አውቀህ፣ ጎበዝ ብለሃት ሳጥን ውስጥ አስገባኸው፤ ይዘኸውም ሰው ፊት ወጣህ። ያን ቀን ሞላው ነው ብለህ የጮኽከው ከኋላችን የቆመችው እንድትሰማ ነው። እኔን አሳልፈህ ሰጠኸኝ፣ ልጅቷ ትችለዋለች ብለህ ይሆናል። እኔም ጥይትህን እይ ብዬ በእሷ ፊት መለስኩልህ። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ነው ይዛ የምትዞረው።

«ለመሆኑ ከሀብቶም ጋር ቼክ አድርጋችሁት የለ?» አለችኝ። «ምን ሆኖ ነው ያን ቀን እምቢ ያለው?» ስትጠይቀኝ እኔን አላየችም፤ እጀታውን ነበር የምታየው።

«ሞላው ነው» አልኳት። «እኔ የቀየርኩት ሞላ ነው፣ እማዬ። ጥይቱ ምንም አልነበረውም።»

«እሱም እንደዚያ ብሎ ነበር» አለችና ትከሻዋ ወረድ ብሎ ወደ ውስጥ ገባች።

አባዬ፣ የቀሩትን የየካቲት ጥይቶች ዛሬ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ከእንግዲህ ጣቱን ጥይቶቹ ላይ አሳርፎ የሚያውቅባት ሰው የለም። እሷ በሕይወት እስካለች ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላም የእኔ ይሁን። ያን ቀን ሜዳው ላይ በሁለት ቋንቋ እንዴት እንደጮኽክ ግን አልረሳውም።

ልጅህ