ያጋድላል ብዬ የከለከልኩት ትከሻ

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ስለ ቤቱ ከማውራቴ በፊት፣ መቃብርሽ ላይ ቆሜ እንኳ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በቀብርሽ ቀን የቾልን እጅ ከሳጥንሽ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ልጃችን ናቲ «ይሸከም፣ እሱም ልጇ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ያዩናል። ከደቡብ ሱዳን ተሰዶ የመጣ የናቲ ጓደኛ፣ ከሁላችን ረዝሞ፣ ከሁላችን ጠቁሮ፣ ከዘመድ መሀል ሲገባ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በአፌ ግን «ቁመትህ ሳጥኑን ያጋድለዋል» አልኩት። ወደ ኋላ ሄደ።

ትዝ ይልሻል፣ ከጉርድ ሾላ ጀርባ ባለው ሜዳ ቅርጫት ኳስ ተጫውተው ሲመጡ ሁለቱን ከአንድ ትሪ ታበያቸው ነበር። «ቁጭ በል እንጂ ልጄ፣ ለጉርሻ መሰላል ላቁም?» ትይው ነበር።

ከቀብርሽ ወዲህ ናቲ ሜዳ አይሄድም። ለእኔም ከ«እሺ» በቀር ቃል የለውም። ቤቱ ጠቦኛል። ኳሱ መሬት ሲመታ ስሰማ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ስዘጋው ናቲ ተነስቶ ወደ መኝታው ይገባል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምሄደው ሜዳውን ሸሽቼ፣ ዞሬ ነው። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ «መጀመሪያ ሂድና ልጁን ይቅር በለኝ በለው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልቆርብ ከቅጽሩ ጥግ እመለሳለሁ።

ትናንት የሙት ዓመትሽ ዳቦ ሲጋገር ሽታው አላስቀምጥ አለኝ። ሜዳው ሄድኩ። ጓደኞቹ እየሰሙ «ቾል፣ ነገሩ ቁመትህ አልነበረም። በመልክህ አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ» አልኩት። ኳሱን በብብቱ ያዘ።

«አውቄ ነበር አባባ» አለኝ። «እማማ ግን እንዲህ አታደርግም ነበር።»

«ነገ ለሙት ዓመቷ ና» አልኩት። ይምጣ አይምጣ ሳላውቅ ተመለስኩ።

ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ናቲ የራሱን ነጠላ አለበሰው፤ አጠረበት፤ ሁለቱም ሳቁ። የገበያ ዘንቢልሽን ዳቦ ሞልተነው ነበር። ናቲ ሊያነሳው ሲል «ለእኔ ተወው» አልኩት። አንዱን ማንጠልጠያ ለቾል ሰጥቼ ሌላውን እኔ ያዝኩ። አልረሳሽም ብዬ ስምልልሽ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ አልከበደኝም።

ዕድርተኞቹ እያዩን፣ በሜዳው በኩል አለፍን። ዘንቢሉ እስከ ደጀ ሰላም ድረስ ወደ እኔ እንዳጋደለ ነበር።