የዱቡሻው ጥላ

ሰኞ፣ ግንቦት 11

አልፈርምም አልኩት። በስልክ ስለሆነ ፊቱን አላየሁትም፤ ግን ጋሽ ታሪኩ ሲቆጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አለቃዬ ከሆነ ሦስት ዓመት ሆነው። እንድፈርም ያነበበልኝ ወረቀት አንድ መስመር ነው፤ «የሶላር ፓምፑ ለአካባቢው አይሆንም፤ በጀነሬተር ይተካ።» ከሥሩ «የቴክኒሻኗ ፊርማ» ይላል። ቴክኒሻኗ እኔ ነኝ። ቦታውን የመረጥኩትም፣ አሥራ ሁለቱን ፓኔል ያስተከልኩትም እኔው ነኝ።

ዓርብ መኪና ይመጣል አለ። ፓኔሎቹ ተነቅለው ወደ ሶዶ ይሄዳሉ፤ የድሮው ጀነሬተር ይመለሳል። ያ ጀነሬተር ናፍጣ ሲገኝ ሳምንት ሠርቶ ናፍጣ ሲጠፋ ወር የሚተኛ ነው። እሱ በተኛ ቁጥር ሴቶቹ ወንዝ ወርደው ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ዘንድሮ ደግሞ በልጉ ስለቀረ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤ ጭቃ ነው የቀረው።

«ሶላር የበረሃ አገር ነገር ነው» አለኝ። በየስልኩ የሚዞረውን ቪዲዮ እኔም አይቻለሁ፤ በረሃ ያላቸው አገሮች አሸዋቸውን በፓኔል እያለበሱት ነው፤ በየዓመቱ ይጨምራሉ። የሁምቦ ፀሐይ ከማን ታንሳለች? ሻማ ሳይለኮስ የሚቀልጥበት ቆላ ነው።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ግን ፓምፑ ታሟል። የካቲት ላይ ስንተክለው ሮቶው፣ የውሃ ታንከሩ፣ በስምንት ሰዓት ሞልቶ ይፈስ ነበር። አሁን ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ይደክማል፣ ሮቶው ግማሽ አይደርስም። ያየሁት፦ አቧራ (ጠረግኩት፣ ለውጥ የለም)። ገመድ (ደህና)። መቆጣጠሪያው (ደህና)። ጉድጓዱ (ውሃ አለው)።

ሁሉም ደህና ከሆነ ታዲያ ምንድነው? ፈርቻለሁ። ለማንም አልናገርም።

ማክሰኞ

አገኘሁት! ባላገኘው ይሻለኝ ነበር።

ፓኔሎቹ የተተከሉት ዱቡሻው ላይ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ጠብ የሚታረቅበት የመንደሩ ሜዳ። እዚያ እንዲተከሉ ያልኩት አውቄ ነው። ዱቡሻ ላይ የቆመ ነገር ማንም አይሰርቅም፤ አጥርም ዘበኛም አያስፈልገውም። በዚህ ብልጠቴ ቢሮ ውስጥ ስመጻደቅ ከርሜያለሁ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ትልቁ ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጬ ፓምፑን ስጠብቅ ዋልኩ። ፀሐዩ ሲደርስብኝ ዱካዬን እያነሳሁ ጥላውን እከተላለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀና ስል ራሴን ፓኔሎቹ መሀል አገኘሁት። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ እንደኔው ጥላ ውስጥ ናቸው። የተያያዙት በአንድ መስመር ስለሆነ አራቱ ሲደክሙ ሌሎቹንም ይዘዋቸው ይወድቃሉ።

ቦታውን የለካሁት በጥር ነው። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። በግንቦት ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ዞሮ ፓኔሎቼ ላይ ያርፋል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ አልፌበታለሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ለጋሽ ታሪኩ ደውዬ ነገርኩት። እንኳን ጥፋትሽን አገኘሽ በማለት ፈንታ፣ ዛፉን አስቆርጪው አለኝ። ይህ ሰው ዱቡሻ ምን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው? የዚያን ዛፍ ቅርንጫፍ ለማገዶ እንኳ ያነሳ ሰው የለም። ዛፉም አይቆረጥም፣ ሶላሩም አይሄድም አልኩት። ይህን እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ፀሐይ ጥፋት የለባትም፣ ፓምፑም ጥፋት የለበትም፣ በጥር ለክቼ ግንቦትን ረሳሁ አልኩ። በወላይትኛ ስለነበር የቢሮ ማምለጫ ቃል አልነበረኝም።

አባባ ላሊሾ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ በምርኩዛቸው የዛፉን ዙሪያ እያመለከቱ አሳዩኝ። በበጋ በወዲያ በኩል ነው የምንቀመጠው፣ በልጉ ሲያልቅ በወዲህ እንዞራለን፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ሲዞሩ ኖረዋል አሉ።

«ጥላው እዚህ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ልጄ። አልጠየቅሽንም።»

እውነት ነው፤ አልጠየቅኩም። መለኪያዬን ይዤ መጣሁ፣ ለካሁ፣ ሄድኩ። ኋላ ያሉት ሴቶች ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ አልቅሼም ነበር መሰለኝ።

ፓኔሎቹ ገላጣ ቦታ ይፈልጋሉ፤ የት ልትከላቸው ብዬ ዛሬ ጠየቅኩ። ከዱቡሻው ከወጡ ግን ማን ይጠብቃቸዋል? ተከራከሩ። ከሴቶቹ መሀል እማማ አማረች ተነሱ። ማሳቸው ከዱቡሻው ማዶ ነው፤ በቆሎው በጉልበት ቁመቱ ደርቆ ቀርቷል።

«ያችን ዳር ውሰዱ፤ በቆሎዬን የበላ ፀሐይ እዚያው ይሥራ» አሉ።

አባባ ላሊሾ ሄደው የማሳውን ዳር በእግራቸው ዞሩት። ዞረው ሲጨርሱ ከዛሬ ጀምሮ ይህም ዱቡሻ ነው አሉ። አለቀ። ቢሮ ቢሆን ይህች ነገር ስንት ስብሰባ ትፈጅ ነበር!

ሐሙስ

እጄ ቆስሏል፤ አጭር እጽፋለሁ።

ደቦ ወጣልን። ወንዶቹ ቆፈሩ፤ ምሰሶዎቹን ነቅለን ተከልን። ፓኔሎቹን ሁለት ሁለት እየሆኑ ሴቶቹ ተሸከሙ፤ አንዱም አልተጫረ። ገመዱ አጠረን። ጋሽ ታሪኩን ከመጋዘን ላክልኝ ስለው ፈቃድ የለሽም አለ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምተው የአሮጌ ጀነሬተራቸውን ገመድ አመጡልኝ፤ ወፍራም፣ መዳብ፣ ደህና። የጀነሬተር ገመድ ሶላር ሲያገለግል ማየት ደስ ይላል። ክፉ ደስታ ነው፤ ይሁን።

ነገ ደመና ቢሆንስ? ዛሬ ማታ የምጸልየው የዝናብ ተቃራኒ ነው፤ በቆሎው ለደረቀበት ሕዝብ እንዲህ መጸለይ ያሳፍራል። አንድ ቀን ብቻ፣ ጌታ ሆይ። ከዚያ የፈለግከውን አዝንብ።

ዓርብ

ደመና የለም።

ጋሽ ታሪኩ በሦስት ሰዓት ከመኪናው ጋር ደረሰ። መጀመሪያ ዱቡሻው ላይ ባዶ ጉድጓዶቹን አየ፤ ቀጥሎ ማሳው ላይ ፓኔሎቹን። ማን ፈቀደልሽ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀኝ፣ ሮቶው ካልሞላ ራሴ ፈትቼ እጭንልሃለሁ፣ እፈርምልሃለሁም አልኩት። አልጠብቅም፣ ሾፌሩ በሰባት ሰዓት መውጣት አለበት አለ።

በዚህ መሀል የውሃ ቦኖው ወረፋ እየረዘመ ነበር፤ ሮቶው እስኪሞላ የሚቀዳ የለም። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን እንደወትሮው ይደረድራሉ፤ ወረፋው ግን ዛሬ በመንገዱ ዞሮ ከመኪናው ፊት አለፈ፣ ከመኪናው ኋላም አለፈ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። እማማ አማረች ቢጫ ጄሪካናቸውን አስተካክለው ጎማው አጠገብ አስቀመጡ።

«ወረፋ ነው፣ ልጄ። ወረፋ አይነሳም» አሉት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዛሬ ጄሪካንም ጨምሩበት።

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ፓምፑ አልደከመም። ስምንት። ጥላው ዱቡሻው ላይ ባዶ ጉድጓዶቹን ሲሸፍን ቆሜ አየሁ። ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሮቶው ሞልቶ በላይ በኩል መፍሰስ ጀመረ። ማንም እልል አላለም። ሴቶቹ ተነስተው ይቀዱ ጀመር፤ ወረፋው ቀስ እያለ አጠረ፣ መንገዱም ተከፈተ።

ጋሽ ታሪኩ እጁን ታጠበ፣ ጠጣም። ወረቀቱን ሳያስፈርመኝ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሲሄድ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ቢሮ ነይ።

ቅዳሜ

ሮቶው ዛሬም ሞላ፤ ስምንት ተኩል ላይ።

ሰኞ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ያለፈቃድ ንብረት አንቀሳቅሻለሁ፤ ኮንትራቴን ሊያቋርጡት ይችላሉ። ፓኔሎቹን ግን የሚያነሳ ካለ እማማ አማረች ማሳ ድረስ መጥቶ አባባ ላሊሾ የዞሩትን ክልል ተሻግሮ ነው። ይሞክራት!

አባባ ላሊሾ አብሬሽ ሶዶ እሄዳለሁ ብለዋል፤ ንጹህ ጋቢያቸውን አውጥተዋል። ይድከሙ አይባልም፣ ግን አልከለከልኳቸውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የዓርቡ እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ ማን ፈቀደልሽ? ዓርብ ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ፓኔሎቹን እየጠረግኩ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ።