ማንቆርቆሪያዋ ላይ ፕላስተር አይለጠፍም

ደባሌ፣ የኔ ነርስ፣

የመኪናው ቁልፍ ወረቀቱ ላይ አለልሽ። እኔ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። እናትሽን ልትቀበይ ከመውጣትሽ በፊት ግን ይሄን አንብቢ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ ማንቆርቆሪያ የምትመስለው ቀይ መብራት ሻይ ፈላ ማለቷ አይደለም። የሞተር ዘይት አለቀ ማለቷ ነው። አንቺ ደግሞ የቁስል ፕላስተር ለጥፈሽባታል! ሆስፒታልም በሽተኛ ሲያቃስት አፉ ላይ ነው የምትለጥፊው?

ፕላስተሩን ልጬ ዘይት ጨምሬበታለሁ። ሌላ ጊዜ ቀይ ከበራ ዳር ይዘሽ ቁሚና ሞተሩን አጥፊ። ቢጫ ከበራ ቀስ ብለሽ መካኒኩ ጋ ውሰጂው።

የድንቹን ጆንያ ከፊት ወንበር ማውረድ አቅቶኛል። መኪናው ሰው መስሎት በቀበቶ መብራቱ ስለጮኸብኝ ቀበቶ አስሬለታለሁ።

ትናንት ከገበያ ስንመለስ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ስትይኝ፣ «ዝም ካላልሽ ውረጂ» ያልኩሽ...

ተይው።

አንቺ ስትወርጂ ድንቹን አንቺ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ቤት ድረስ ትንፍሽ አላለም። ጨዋ ተሳፋሪ ነው።

የግራው የፊት መብራት የት እንደገባ ግን እንዳትጠይቂኝ።