የአባቴ ችካል

ጥር 16፣ 1963 ዓ.ም. እሑድ፣ ከሰዓት

አምስተኛው ማልያ አለቀ። ብብቱ ጠበበ፣ ፈታሁት፣ ደግሜ ሰፋሁት። ደብተርዬ፣ ከቢቸና ልጆች አንድ እንኳ ትከሻው እኩል የሆነ የለም! ሙሉን ልለካህ ብለው እንደ ጊደር ይዘላል። የኔው ልጅ፣ ያውም አሥራ ሦስት ዓመቱ።

ዛሬም እያነከሰ ገባ። ቅልጥሙ ተልጧል። ምን ሆንክ? ምንም። ምንም እንዲህ ያደማል? ችካል ነው አለ በስንት ልመና።

አንቺ ደብተሬ ከሣጥን አትወጪ፣ ልንገርሽ። ልጆቹ የሚጫወቱት ከብት ተራው ላይ ነው፤ ት/ቤቱ ሌላ ሜዳ የለውም። ቅዳሜ በሬ የሚታሰርበት ችካል ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ተተክሎ ይከርማል፣ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ። ማንም አይነቅለውም። ከነቀልክ ተራህን ለቀቅህ ይሉሃል፤ ወዲያው ሌላው ይተክልበታል። ስለዚህ ችካሉ ከአባት ለልጅ ሲወርድ ይኖራል፣ ልጆቻችንም በመሀሉ ሲሮጡ።

የሚመጣው እሑድ ከሞጣ ት/ቤት ጋር ግጥሚያ አለ። የአውራጃው ሹም ሊያዩ ይመጣሉ። ለሳቸው ዳስ ይጣላል። ቅልጥም የሚያስብ አላየሁም።

ጥር 18። ማክሰኞ

ማልያዎቹን ይዤ ት/ቤት። ዳይሬክተሩ ደስ አላቸው፣ ወንበር ሰጡኝ። ችካሉን ሳነሳ ወንበሩን መልሰው የሚወስዱት መሰለኝ። ሜዳው የገበያው ነው፣ ችካሉ የባለከብቱ ነው፣ እኔ የማዝዘው ኳሷን ብቻ ነው አሉ። እንግዲያው ኳሷን ሌላ ቦታ ይዘዟት አልኩ። ሳቁ። «እትዬ ስንዱ፣ ወንድ ልጅ እኮ ነው! ትንሽ ካልተላጠ በምን ያድጋል?»

የሳቸው ልጅ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ነው የሚማረው።

ጥር 20። ሐሙስ

አዳሙ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሜ፣ ከብት ነጋዴው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት። ጎሉ ፊት ያለው የወይራ ችካል የኛ ነው፤ አባታችን ከጣሊያን በፊት የተከሉት። ወይራ አይበሰብስ። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ጫፉ እየሾለ ይሄዳል።

ለአንድ እሑድ ብቻ ንቀለው አልኩት። ቅዳሜ ማታ ንቀል፣ ሰኞ መልሰህ ትከል። አንተ ከነቀልክ ሌላውም አይቶ ይነቅላል። ነገሬን ሳልጨርስ ጓደኞቹ ሰሙ። «አዳሙ! እህትህ ፈቀደችልህ እንዴ ከብት ልትሸጥ?» ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲያ አለቀልኝ፤ ወንድ ፊት ተስቆበት እሺ የሚል ወንድም የለኝም። «እታለም፣ መርፌሽን ያዢ» አለኝ። «ያባቴን ችካል ነቅዬ ያባቴን ስም ላጥፋ?»

ስሙ ችካል ላይ ነው እንዴ ያለው? ይህን እዚያ አላልኩትም። መንገድ ላይ ነው የመጣልኝ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚመጣልኝ።

ጥር 22። ቅዳሜ፣ ምሽት

እንግዳ አለብኝ! የሞጣ ልጆች በጭነት መኪና መጡ፣ አቧራ ለብሰው። በየቤቱ ተከፋፈሉ። መምህራቸው አንዱን ልጅ ይዘው ሲያመነቱ አየሁ። እስላም ነው፣ ማን ጋ ይደር? እኔ ጋ አልኩ። እንግዳ እንግዳ ነው።

ስሙ ሰይድ። የነሱ በረኛ። እጁ እንደ መንሽ ረዥም። ሥጋችንን እንደማይበላ አውቃለሁ፣ ሽሮ በቅቤ ሠራሁለት፤ ሁለቴ አስጨመረ። ለስግደቱ ውኃ አሞቅኩለት። ሙሉም ድምፁን አጥፍቶ ጠበቀው። እኔን እንዲህ ጠብቆኝ አያውቅም።

አባቱ ሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ማልያውን በጣቱ ዳሰሰና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ይሄ አቡጀዲ ነው፤ ሳይነክሩት ነው የሰፉት። ሲታጠብ ይጠባል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ልጅዎ አይገባበትም!» በሳቅ ሞትኩ። ስንት ዓመት ስሰፋ!

አሁን ሁለቱ አንድ መደብ ላይ ናቸው። ሙሉ ነገ አገባብሃለሁ ይላል። ሰይድ በእንቅልፍህ ይላል።

ስለ ችካሉ ነገርኩት። እትዬ፣ አይቼ እወድቃለሁ አለ።

ጥር 23። እሑድ

ቄጤማ ጎዝጉዘውበታል።

ሜዳው ለሹሙ ዓይን እንዲያምር ብለው። ጎሉ ፊት ደግሞ አብዝተው፣ ዳሱ በዚያ በኩል ስለሆነ። ደርሼ ሳይ ሜዳው እንደ ሠርግ ቤት አረንጓዴ። አንድም ችካል አይታይም። ወደ ዳይሬክተሩ ሮጥኩ። ሹሙ ሊቀመጡ ነው፣ ኋላ፣ ኋላ አሉኝ በእጃቸው። አዳሙን በዓይኔ ፈለግሁት። ከዳሱ ሥር ቆሞ ያጨበጭባል።

ኳሷን የመታት ሙሉ ነው። ሰይድ ወደ ግራ ተወረወረ። ያዛት። አልለቀቃትም፣ ሲያነሱትም ታቅፏት ነበር። ችካሉ ጭኑ ውስጥ ገብቷል።

የኛው ነው። የወይራው።

ጥር 24። ሰኞ

የክሊኒኩ ድሬሰር ቁስሉን አጠበለት፣ ሰፋለት። በከብት አዛባ መሬት የቆሰለ መርፌ ያስፈልገዋል፣ መርፌው እኔ ጋ የለም፣ ዛሬውኑ ደብረ ማርቆስ ውሰዱት አለ። ዳይሬክተሩና የሞጣው መምህር ተመካከሩ። መኪናው የሚሄደው ወደ ሞጣ ነው፣ ልጁም በእግሩ ይቆማል፣ አገሩ ገብቶ ይታከም ተባለ። ጮኽኩ። ሴት ስትጮኽ ይበልጥ ይረጋጋሉ።

ሰይድ ከመኪናው ላይ እጁን አወዛወዘልኝ። «ሽሮዋን አልረሳትም!»

ሙሉም ቁርስ አልበላም።

የካቲት 2። ማክሰኞ

ከሞጣ የመጣ ሾፌር ነገረኝ። ልጁ መንጋጋው ቆልፏል። ጀርባው እንደ ቀስት ተገትሯል። ሐኪም ቤት ገብቷል።

የቀረውን የነነዌ ጾም እጾማለሁ፤ ለሰይድ ብዬ። እግዜር የማን ልጅ ነው ብሎ አይጠይቅ መቼም።

የካቲት 6። ቅዳሜ

ሐሙስ ዐረፈ።

በሬ ሻጭ ነው በገበያ መሀል የነገረኝ፣ ዋጋ እየተከራከረ። ዞር ስል አዳሙ አንድ ቦራ በሬ እዚያው ችካል ላይ አስሯል። እዚያው! በሬው ያመሰኳል።

ሙሉ ኳስ ጨዋታ በቃኝ አለ። ገዳይ ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለህም አልኩት። ማነው ታዲያ አለኝ።

የካቲት 10። ረቡዕ

ከሞጣ ተመለስኩ። ወገቤ በመኪናው ተሰባብሯል።

የነሰይድን ቤት ሰው አሳየኝ። እናቱ ወ/ሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ ቢቸና ያሳደርኩት እኔ ነኝ ስላቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያቺን ምሽት ጠየቁኝ። በላ ወይ? በላ፣ ሁለቴ አስጨመረ። ሰገደ ወይ? ሰገደ፣ ውኃ አሙቄለት። ሳቀ ወይ? ስለ አቡጀዲው ነገርኳቸው። እኔው ነኝ ያስተማርኩት አሉ፣ ፈገግ ብለው። ቀጥለው፣ ከሱቃችን ቀደን የገነዝነውም በዚያው ነው አሉ።

ኋላ ላይ፣ የማን እንጨት ነው ብለው ጠየቁ። የአባቴ አልኳቸው። ልዋሽ ነበር፣ አፌ እምቢ አለ። ይቆጡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦

«እህቴ፣ አሁንስ ተነቅሏል?»

ደብተርዬ፣ ምን ልመልስ?

የካቲት 11። ሐሙስ

ዳይሬክተሩ ቤቴ ድረስ መጡ። አዝነዋል። ያዘኑት ግን ማልያ ሊያሰፉ መጥተው ነው፤ ለትንንሾቹ ክፍሎች። የፊታችን እሑድ ከሌላ ት/ቤት ጋር ይጋጠማሉ። የት? እዚያው። ችካሉስ? አስበንበታል እትዬ ስንዱ፣ ከእንግዲህ ቄጤማ አይጎዘጎዝም፣ ችካሉ በግልጽ ይታያል አሉ።

ይህን ሰው ከዛሬ ወዲያ አንቱ አልለውም። ጨርቁን መለስኩለት። እኔ ለዚያ ሜዳ ክር አላስገባም።

አዳሙም ጋ ዳግመኛ ሄድኩ፣ ከሽማግሌ ጋር። ሽማግሌው የእግዜር ቁጣ ነው አሉ። አዳሙ ራሱን ነቀነቀ። እግዜር ነው ወይራ የተከለው? አልኩ፤ ዛሬስ መንገድ ላይ አልነበርኩም፣ ፊታቸው ነው ያልኩት። ነውር አሉኝ። ሽማግሌው ዞር ሲሉ አዳሙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እታለም፣ እኔስ እንቅልፍ ያለኝ መሰለሽ አለኝ። ታዲያ ንቀለው! አልኩት።

የካቲት 13። ቅዳሜ፣ ጠዋት

ስፌት መኪናዬን ሸፍኛለሁ። ዶማው ደጃፍ ቆሟል።

ትናንት ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የመጣልኝ። አባታችን መሬታቸውን ሲያወርሱ ለወንድ ለሴት አላሉም፤ እኩል ነው የተካፈልነው። ቤቱን ተካፈልን፣ ባሕር ዛፉን ተካፈልን። ችካሉን ግን ማንም አካፍሎን አያውቅም። እንግዲያስ ግማሹ የኔ ነው። የሰው አልነካም። ሌባ አይሉኝም፣ ዳኛ አይጠሩብኝም። ግማሹ ሲነቀል ሌላው ግማሽ ብቻውን ቆሞ ይቀር እንደሆነ አዳሙ ያሳየኝ።

ትናንት ማታም መንቀል እችል ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት መልሰው ይተክሉታል። ገበያው ሲሞላ፣ ሻጩም ገዢውም ሲያይ ነው የምነቅለው። ችካሉን የኔ ነው የሚል ሁሉ ይናገር፤ የሰይድንም ሞት የኔ ነው ይበል።

ሙሉ እኔም እመጣለሁ አለ። እሺ አልኩት። ወ/ሮ ዘይነባ፣ መልስዎን ዛሬ—

አዳሙ በሬዎቹን እየነዳ በደጄ አለፈ፤ ሳሉን ሰማሁት። ልሂድ፣ ሳያስር ልድረስ።